ሹፌሩን ከሲስተሙ ከመሰረዝሽ በፊት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ በሚያደርስ አነስተኛ ድርጅት ስምሪት ላይ እሠራለሁ። ሐረርም ቅርንጫፍ አለን። ከከዚራና ከታይዋን ሰፈር ሱቆች ዕቃ ተቀብለን በሞተርና በባጃጅ እናደርሳለን። ሹፌሮቹ በስልካቸው አፕ ነው የሚሠሩት፤ እኔ በኮምፒውተር እመድባቸዋለሁ። ሰሞኑን አራቱ ላይ ችግር መጣ። አንዱ መስመሩ በ07 ይጀምራል፤ የማረጋገጫ ኮድ አይደርሰውም። ሁለተኛው አፑ ውስጥ ይገባል፣ ግን ኦርደር አይታየውም። ሦስተኛውን ‹አካውንትዎ ታግዷል› ይለዋል፤ ያገደው ሰው ግን የለም። አራተኛውን ሰርዤ እንደ አዲስ ልመዘግበው ስል ‹ይህ ቁጥር ተመዝግቧል› አለኝ። ሁሉንም ሰርዤ ከዜሮ ብጀምር ይሻላል?»

እህቴ፣ ድሬ ነሽና አንቱታውን ልተወው። አትሰርዢ። የቀሩትን ሦስቱን ባሉበት ተያቸው። አራተኛውንም መመለስ ይቻላል።

በእንዲህ ዓይነት ሲስተም ውስጥ አንድ ሹፌር ማለት አንድ መዝገብ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ነው። አንዱ የመግቢያው ነው፤ ስልክ ቁጥሩና የይለፍ ቃሉ ያለበት። ሌላው የሥራው ነው፤ መንጃ ፈቃዱ፣ ታርጋው፣ ቅርንጫፉ፣ ፈረቃው፣ እስካሁን ያደረሰው ዕቃ፣ ከደንበኛ ተቀብሎ ገና ያላስረከበው ብር። ሁለቱን የሚያያይዛቸው አንድ መለያ ቁጥር ነው። «ሰርዝ» ስትይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አንደኛው ብቻ ነው። ወይም ጭራሽ አይጠፋም፤ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት ይደረግበትና ከዓይንሽ ይሰወራል። የሒሳብ ጉዳይ ስላለበት ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ስለዚህ «ተመዝግቧል» ያለሽ እውነቱን ነው። ተመዝግቧል።

ከአራተኛው እንጀምር፣ እሱ ነው ሥራ የፈታው። የሹፌሮች ዝርዝር ያለበት ገጽ ላይ ማጣሪያ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ «አክቲቭ» ላይ ተቀምጦ ነው የሚከፈተው። ወደ «ሁሉም» ወይም «አርካይቭድ» ቀይሪውና በስልክ ቁጥሩ ፈልጊ። በስም አትፈልጊ። መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በኦ ይጽፈዋል፣ ሌላው በዩ፤ አንዱ ኤሟን ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም። ሲስተሙ ደግሞ ፊደል እንጂ ሰው አያውቅም። በስልክ ቁጥርም ስትፈልጊ መጨረሻ ያሉትን ስድስት አሃዞች ብቻ አስገቢ። አንዱ መዝጋቢ በ09 ጀምሮ፣ ሌላው በ251 ጀምሮ፣ ሦስተኛው ዜሮዋን ጥሎ በ9 ጀምሮ አስገብቶት ሊሆን ይችላል። ለሲስተሙ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። አንድ ሹፌር ሦስት አካውንት ኖሮት ያየሁት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም በአንድ መልክ መዝግቢ፦ የመደመር ምልክት፣ 251፣ ከዚያ ዜሮ የሌላቸው ዘጠኝ አሃዞች።

መዝገቡን ካገኘሽው «መልስ» ወይም «ሪስቶር» የሚል ቁልፍ ፈልጊ። ከሌለ ወይም ላንቺ ካልተፈቀደ፣ የድርጅቱ ባለቤት በራሱ አካውንት ገብቶ ይሞክር፤ የስምሪት ሠራተኛና የአስተዳዳሪ ሥልጣን እኩል አይደለም። እሱም ካልቻለ የሲስተሙ አቅራቢ ነው የሚመልሰው። እስከዚያው ግን «በወንድሙ ቁጥር ልመዝግበውና ሥራ ይጀምር» እንዳትዪ። ሐሳቡ እንደሚመጣልሽ አውቃለሁ። ዛሬ ያቃልልልሻል፣ የወር መጨረሻ ላይ ግን ያስለቅስሻል። አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ይሠራል፣ ያላስረከበው ብር አሮጌው ላይ ይቀራል፣ ክፍያው በቴሌብር ሲላክለት ስሙና ቁጥሩ አይገጥሙም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ገብቶ ኦርደር ወደማያየው። ከአራቱ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ምክንያቱም አካውንቱ ደህና ይመስላል። ሹፌሩ «ገብቻለሁ» ይላል፣ አንቺ «መድቤለታለሁ» ትያለሽ፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

መጀመሪያ አንድ ሙከራ አድርጊ። የሙከራ ኦርደር ክፈቺ፤ መነሻውም መድረሻውም ቢሯችሁ ይሁን። ከዚያ «ሹፌር መድብ» የሚለውን ተጫኚና ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ተመልከቺ። ስሙ ከሌለ ችግሩ በአንቺ በኩል ነው፣ መዝገቡ ላይ። ስሙ ኖሮ መድበሽው ስልኩ ላይ ካልታየ ግን ችግሩ ስልኩ ላይ ነው። ይህን ሳትለዪ የይለፍ ቃል መቀየር፣ አፑን አጥፍቶ መጫን፣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ድካም ብቻ ነው።

ስሙ ከዝርዝሩ ከጠፋ የምታዪው እነዚህን ነው። ቅርንጫፉ፦ በስህተት ሐረር ላይ ከተመደበ የድሬ ኦርደር አይደርሰውም፤ በደንገጎ በኩል ድሬና ሐረር ዕቃ ይዞ የሚመላለስ ሹፌር ካለሽ ደግሞ ሁለቱም ቅርንጫፎች ላይ መፈቀድ አለበት። የተሽከርካሪው ዓይነት፦ ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ያንን ዞን ለሞተር ብቻ ከፍታችሁ ከሆነ፣ ባጃጅ ተብሎ የተመዘገበ ሹፌር የዞኑ ኦርደር አይታየውም። ታርጋው፦ ቁጥሩን ብቻ አትጻፊ፣ ኮዱንና ታርጋው ላይ ያለውን የክልል ወይም ሌላ ፊደል ጨምሪ። ተመሳሳይ አሃዝ ያለው ታርጋ በሌላ ኮድ ወይም በሌላ ክልል ሊኖር ይችላል፤ ሐረር ላይ አንድ እንዲህ ያለ ካለ ሲስተሙ ሁለቱን አንድ ተሽከርካሪ አድርጎ ሁለተኛውን ሹፌር ያለ መኪና ይተወዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ፈረቃውን እዪ። እኛ አገር ይህ ብቻውን የግማሹ ችግር ምንጭ ነው ብል አላጋነንኩም። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ 6 ሰዓት ለምሳ የሚወጣ ሹፌር ሲስተሙ ውስጥ ከ2:00 እስከ 6:00 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሲስተሙ የሚያውቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ልጁ እንቅልፉን ሲለጥጥ «በሥራ ላይ» ነው፣ ሞተሩን ሲያስነሳ ፈረቃው አልቋል። ትክክለኛው ከ08:00 እስከ 12:00 ነው። የማታው 1 ሰዓት ደግሞ 19:00 ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ከተማው ያርፋል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሹፌሩም ጥላ ይፈልጋል። አንድ ረጅም ፈረቃ ከሰጠሽው፣ በዚያ ሰዓት ምንም ስለማያንቀሳቅስ አንዳንዱ ሲስተም «ሥራ ፈትቷል» ብሎ ከመስመር ያወጣዋል። አመሻሽ ላይ ሲመለስ «ኦንላይን» የሚለውን መጫን ይረሳል። ፈረቃውን ለሁለት ክፈዪው፣ የጠዋትና የአመሻሽ አድርጊው።

ስሙ በዝርዝሩ ካለ ወደ ስልኩ ሂጂ። ካርታው ላይ ነጥቡን ተጭነሽ «መጨረሻ የታየው» የሚለውን ሰዓት አንብቢ። ከሰዓታት በፊት ከሆነ ስልኩ አፑን እያስተኛው ነው። አንድሮይድ ከ2015ቱ ስሪት 6 ጀምሮ ሳይነካ የተቀመጠን ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፖችን ያስተኛል። ከስሪት 10 ጀምሮ ደግሞ ሎኬሽንን «አፑን ስጠቀም ብቻ» እና «ሁልጊዜ» ብሎ ለይቶታል። ሹፌሩ «ስጠቀም ብቻ» የሚለውን ከመረጠ ስልኩን ኪሱ ሲከት ከካርታው ሊጠፋ ይችላል። ስሪት 11 ደግሞ ለወራት ያልተከፈተ አፕ ላይ የተሰጠውን ፈቃድ በራሱ ይነጥቃል፤ ረጅም ፈቃድ ወጥቶ ወይም ሌላ ሥራ ሞክሮ የተመለሰ ሹፌር ካለሽ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ። ስሪት 13 ላይ የማሳወቂያ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል፤ «አልፈልግም» ብሎ ካለፈው ኦርደር ሲመጣ ስልኩ ድምፅ አያሰማም።

በሹፌሮች እጅ የሚበዙት ቴክኖና ኢንፊኒክስ በዚህ ላይ የራሳቸው ባትሪ ቆጣቢ አላቸው። ስለዚህ የባትሪውን ገደብ በአንድሮይዱ ሴቲንግ ብቻ ሳይሆን ከስልኩ ጋር በመጣው ማጽጃ አፕ ውስጥም አንሺለት። ሞተረኞቹንም ስልኩን መሪ ላይ አስረው ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ እንዳያቆሙት ንገሪያቸው። የጋለ ስልክ ራሱን ለማዳን ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ባትሪ መሙላት ያቆማል፣ አልፎም ይጠፋል። አንቺ ጋ የሚታየው «ሹፌሩ ከመስመር ወጥቷል» የሚል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የውጭ መመሪያ ላይ አታገኚውም። አንዳንድ ሹፌር የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። በሐበሻ አቆጣጠር እንዲያነብለት ብሎ ነው፣ አይፈረድበትም። ግን አፑና ሰርቨሩ፣ ማለትም የሲስተሙ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የሚተማመኑት በሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ያጎደለ ስልክ የሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። የመግቢያ ፈቃዱም ትርጉም ያጣል፤ ሹፌሩ በገባ ቁጥር ይወረወራል። ብልጥ የሆነው ደግሞ ሰዓቱን ሳይነካ የሰዓት ቀጠናውን ይቀይራል። ያ ለመግባት አያስቸግርም፤ ግን ስልኩ ከቦነስ አይረስ ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ኦርደሩ ላይ የሚያየው ሰዓት አንቺ ከምታዪው በስድስት ሰዓት ሊያንስ ይችላል። ቀንና ሰዓቱን «ኦቶማቲክ» ላይ አድርጊለትና የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኚለት። ቅር አይለውም።

ሦስተኛው «ታግዷል» የተባለው ነው። ያገደው ሰው ከሌለ ያገደው ሲስተሙ ነው። የታገደበትን ሰዓት ከእንቅስቃሴ መዝገቡ ላይ አንብቢ፤ ሰዓቱ ራሱ ይነግርሻል። ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከሆነ የሰነድ ጊዜ አልፏል ብሎ ነው፤ ሲስተሞች ይህን ቼክ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ቀን ሲቀየር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚሠራ የእሱ እኩለ ሌሊት የእኛ 9 ሰዓት ነው። ቀን ላይ፣ ያውም አንድ ዕቃ ካስረከበ በኋላ ከሆነ ደግሞ የጥሬ ገንዘብ ጣሪያውን አልፏል ማለት ነው። ደንበኛ ሲረከብ የሚከፍል ከሆነ ሲስተሙ ሹፌሩ እጅ ላይ ያለውን ብር ይቆጥራል፤ ከተወሰነው በላይ ሲሆን እስኪያስረክብ ድረስ አዲስ ሥራ አይሰጠውም። ልጁ ብሩን አስረክቦ ገንዘብ ያዥዋ ሲስተሙ ላይ ካልመዘገበችም ያው እንደታገደ ይቆያል። እሱን ከመጠየቅሽ በፊት እሷን ጠይቂ። ያለ ጥፋቱ «ብር ይዘሃል» የተባለ ሹፌር ቂሙ ቶሎ አይለቅም።

የሰነዱ ጉዳይ ከሆነ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደገባ እዪ። አንድ ሰነድ ሰኔ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ያገለግላል እንበል። መዝጋቢው 30/10/2019 ብሎ አስገባው። ሲስተሙ ይህንን ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ብሎ ያነበዋል፣ በእሱ ዘንድ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያስገባሽ ዕለት ማታውኑ ያግደዋል። ትክክለኛው ጁላይ 7 ቀን 2027 ነው። ደግነቱ አንዳንዱ ቀን ራሱን ያጋልጣል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለሽ ስታስገቢ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እምቢ ይልሻል፤ ጳጉሜም በ13ኛ ወርነቷ አትገባም። የሚጎዱሽ እምቢ ያላላቸው ናቸው። መንጃ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንም አንድ በአንድ አገላብጪ። ቀኑ ሲስተካከል እገዳው በራሱ የማይነሳበት ሲስተም አለ፤ ሰነዱን እንደገና «አጽድቅ» ማለት ያስፈልጋል።

የ07ቱ ልጅ ቀርቷል። ሳፋሪኮም አገራችን ውስጥ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ስለዚህ 07 ለእናንተ አዲስ አይደለም። ከዚያ በፊት የተሠራና ያልታደሰ ሲስተም ግን ከ251 ቀጥሎ 9 ብቻ ነው የሚጠብቀው። ምልክቱ ቀላል ነው። አፑ ቁጥሩን እንዳስገባ ወዲያው «ትክክል ያልሆነ ቁጥር» ካለው ችግሩ ይህ ነው፤ አቅራቢው ካላስተካከለ አንቺ ምንም አታደርጊም። «ኮድ ተልኳል» ብሎ ካልደረሰው ግን የቴክስት መልእክቱ መንገድ ላይ ነው የቀረው። አቅራቢው መልእክት የሚልክበት መስመር ለ07 አይሠራ ይሆናል፣ ወይም ስልኩ መልእክቱን ስፓም ውስጥ ከቶታል። ስፓሙን መጀመሪያ እዪ። ለማጣራት ሌላ 07 ቁጥር፣ የራስሽም ቢሆን፣ ይሞከር። እሱም ጋ ካልመጣ የልጁ ጥፋት አይደለም።

ኮዱ ደርሶት «የተሳሳተ» የሚለው ከሆነ ደጋግሞ ስለጠየቀ ነው። አብዛኛው ሲስተም የሚቀበለው የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ነው፤ ልጁ ግን ቀድሞ የደረሰውን ያስገባል። ደጋግሞ መጠየቁ ሌላም መዘዝ አለው፤ ሲስተሙ ቁጥሩን ለጊዜው ይዘጋዋል። አንዴ ጠይቆ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ። ኮዱን በስልክ እንዲነግርሽ ግን አትጠይቂው። አንቺ ታማኝ ነሽ፤ ነገር ግን «ከቢሮ ነው የምደውለው» ብሎ ኮድ ለሚጠይቅ አጭበርባሪ ታለማምጂዋለሽ። አስተዳዳሪው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል መስጠት ከቻለ እሱ ይሻላል።

አፑ ወይም ኮምፒውተርሽ ቁጥር ያለው ስህተት ካሳየሽ አትለፊው። 401 ማለት «ማን እንደሆንክ አላወቅኩም» ነው፤ የይለፍ ቃል፣ የሰዓት ወይም እንደገና የመግባት ጉዳይ ነው። 403 «አውቄሃለሁ፣ ግን አልተፈቀደልህም» ነው፤ እገዳ፣ ሰነድ፣ ሥልጣን ላይ ፈልጊ። 409 ብዙ ጊዜ አራተኛው ሹፌር ላይ ያየሽው ዓይነት ግጭት ነው። 429 አበዛችሁት ማለት ነው፣ ጠብቁ። በ5 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ካየሽ ደግሞ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው፤ ቡና ጠጪ እንጂ የማንንም አካውንት አትንኪ።

ለአቅራቢው ስትጽፊ «ሹፌሬ አልሠራም አለ» ብለሽ አትላኪ። እንዲህ ያለ መልእክት ሄዶ ሄዶ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ለአራተኛው ሹፌር ከታች ያለውን ዓይነት ላኪላቸው፤ ክፍት ቦታውን አንቺ ሙይው፦

«የሹፌሩ መለያ ቁጥር ____፣ ስልኩ በ251 ጀምሮ ____። መዝገቡን በቀን ____ ሰርዘነዋል። ዛሬ በ14:20 (በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) እንደገና ስንመዘግበው ‹ቁጥሩ ተመዝግቧል› አለን፤ ሙሉ ስክሪንሾቱ ተያይዟል። አዲስ አካውንት አንፈልግም። የተሰረዘው መዝገብ ከነታሪኩና ከነሒሳቡ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። የማይመለስ ከሆነ ቁጥሩን ከአሮጌው መዝገብ አላቅቁልንና ያልተወራረደውን ሒሳብ ዝርዝር ላኩልን።»

ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፊው። «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20» ካልሻቸው የጠዋቱን 8 ሰዓት መዝገብ ሲበረብሩ ይውላሉ። ለስልክ ችግር ከሆነ ደግሞ የስልኩን ሞዴል፣ የአንድሮይዱን ስሪትና የአፑን ስሪት ጨምሪ። የመጨረሻው አፑ ውስጥ «ስለ አፑ» ወይም «አባውት» በሚለው ሥር ይገኛል።